የሪሞት አውሮፕላን ዋስትናዎን የሚያሳጡ ስህተቶች

በሪሞት የሚበር አውሮፕላን ዋስትና የሚሸፍነው ዕቃው ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን ጉድለት ነው። መውደቅን፣ መጋጨትን፣ ገመድ አሳስቶ መሰካትን፣ ውሃ መግባትን አይሸፍንም። አስቸጋሪው ነገር እነዚህ ሁለቱ ሲደባለቁ ነው። ጉድለት ያለበት ሰርቮ (የክንፉንና የጅራቱን ተንቀሳቃሽ ክፍሎች የሚያዞር ትንሽ ሞተር) አየር ላይ ሥራ ቢያቆም አውሮፕላኑ ይወድቃል፤ ከወደቀ በኋላ ግን የሰርቮው ጥርስ መርገፍ የአደጋው ምክንያት ይሁን ውጤቱ የሚለይ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ ዋስትና የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው በረራ በፊት ነው።

ጠረጴዛ ላይ ሳይፈትሹ ማብረር

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይሄ ነው። ካርቶኑን ሲከፍቱ በስልክ ይቅረጹ፤ ክንፉን፣ ጅራቱን፣ ሞተሩ የታሰረበትን ቦታ ከቅርብ ያንሱ። ከዚያ ፕሮፔለሩን ይፍቱ። ፕሮፔለር እንደታሰረ ባትሪ መሰካት ጣት ያሳጣል። መጀመሪያ ሪሞቱን፣ ቀጥሎ አውሮፕላኑን ያብሩ፤ ሲያጠፉ አውሮፕላኑ ይቅደም።

እያንዳንዱን ስቲክ (የሪሞቱን መንጃ ዘንግ) እስከ ጥግ ወስደው ይመልሱ። ሰርቮዎቹ ሳይንቀጠቀጡ ወደ መሃል መመለስ አለባቸው። ስቲኩ መሃል ላይ ሆኖም እንደ ንብ ጥዝዝ የሚል ድምፅ የማያቆም ሰርቮ ካለ ለመክሰስ አይቸኩሉ፦ የሚገፋውን ቀጭን ዘንግ ከሰርቮው ክንድ ላይ ያላቁት። ድምፁ ከጠፋ ዘንጉ ወይም ማጠፊያው ይዞታል እንጂ ሰርቮው ጤነኛ ነው።

የርቀት ሙከራውም እዚሁ ይገባል። አብዛኞቹ የ2.4 ጊጋኸርዝ ሪሞቶች ጉልበታቸውን ቀንሰው የሚሠሩበት የሙከራ አሠራር አላቸው። መመሪያው በሚያዘው ርቀት ላይ (ብዙዎቹ 30 እርምጃ ያህል ይላሉ) ቆመው ሲያዙ ሁሉም ክፍል ሳይቆራረጥ መታዘዝ አለበት። ጭረት በሌለበት አውሮፕላን ላይ፣ በቪዲዮ የተያዘ ጉድለት ክርክር አያስነሳም።

«አይሠራም» ብሎ መጻፍ

እንዲህ ያለ መልእክት የሚያስከትለው የጥያቄ ጋጋታ ነው፤ ሳምንትም በመጻጻፍ ያልቃል። የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛው የሚፈልገው የሞዴሉን ስም፣ የመለያ ቁጥሩን፣ የተገዛበትን ቀን፣ የደረሰኙን ፎቶ፣ የባትሪውን ሴል ብዛትና የፕሮፔለሩን መጠን ነው። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የትኛው ክፍል እንደተበላሸ ለይቶ መናገር ነው። አንድ ሰርቮ አልንቀሳቀስ ካለ ገመዱን ነቅለው ሌላው ሰርቮ በደንብ በሚሠራበት ቻናል (የገመድ መሰኪያ) ላይ ይሰኩት። ችግሩ ሰርቮውን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የሰርቮው ነው፤ እዚያው ቻናል ላይ ከቀረ ሪሲቨሩን (አውሮፕላኑ ውስጥ ሆኖ የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበለውን ክፍል) ወይም የሪሞቱን ቅንብር ይመርምሩ። መልእክቱም ይህን ይመስላል፦

«የቀኝ ክንፍ ሰርቮ አይንቀሳቀስም። ከቻናል 2 ነቅዬ ቻናል 3 ላይ ስሰካው እዚያም አልሠራም፤ ቻናል 2 ላይ ሌላ ሰርቮ ስሰካ ይሠራል። ባትሪው ባለ 3 ሴል፣ 12.4 ቮልት። አውሮፕላኑ አልበረረም። ቪዲዮ አያይዣለሁ።»

ለዚህ መልእክት የሚገባው መልስ አዲስ ሰርቮ ነው። ሞተሩ ሳይዞር የሚንቀጠቀጥ ከሆነም ከመጻፍዎ በፊት ከስፒድ ኮንትሮለሩ (የሞተሩን ፍጥነት ከሚቆጣጠረው ክፍል) የሚወጡትን 3 ገመዶች አንድ በአንድ ጠበቅ ያድርጉ። አንዱ ከላላ ሞተሩ በትክክል እንደዚያ ነው የሚሆነው።

ባትሪና ፕሮፔለር ማሳደግ

ባለ 3 ሴል ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር ባትሪ) ሲሞላ 12.6 ቮልት፣ ባለ 4 ሴል ደግሞ 16.8 ቮልት ነው። ቮልቱ የጨመረው በአንድ ሦስተኛ ቢሆንም ፕሮፔለሩ ሳይቀየር የሚሳበው አምፔር ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ያድጋል። 25 አምፔር ይስብ የነበረው ወደ 40 ይጠጋል፤ 30 አምፔር የሚችል ስፒድ ኮንትሮለር ይህን አይሸከምም። ፕሮፔለርም እንዲሁ ነው፦ በእኩል ዙር ዲያሜትሩ ከ9 ወደ 10 ኢንች ቢያድግ የሚጠይቀው ጉልበት ከግማሽ በላይ ይጨምራል። መመሪያው ላይ ከተጻፈው ውጪ ከተጠቀሙ የተቃጠለው ኮንትሮለር የእርስዎ ኪሳራ ነው፤ ቴክኒሻኑም የባትሪውንና የፕሮፔለሩን መጠን መጠየቁ አይቀርም።

የባትሪ ማገናኛ ቆርጦ ሌላ ዓይነት መበየድም ብዙ አምራቾች ዋስትና የሚሰርዙበት ምክንያት ነው። ቀይና ጥቁር ገመድ ለቅጽበት እንኳ ከተገለባበጡ ኮንትሮለሩ ይቃጠላል፤ ማገናኛው ተነክቶ ካዩት ሌላ ምክንያት አይፈልጉም። የዋስትናው ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ አዳፕተር ይበቃል።

ባትሪውን እንደ አውሮፕላኑ ማየት

የባትሪ ዋስትና ብዙውን ጊዜ ለብቻው የተጻፈና አጭር ነው። በደረሰ ዕለት፣ ከመሙላትዎ በፊት፣ የእያንዳንዱን ሴል ቮልት ይለኩ። አንዱ ሴል ከሌሎቹ በ0.1 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ከተለየ አይሙሉት፤ የመለኪያውን ንባብ ፎቶ አንስተው ይጻፉ። አንዴ ከሞሉት በኋላ ያበላሸሁት እኔ አይደለሁም ማለት ይከብዳል። አንድ ሴል ከ4.2 ቮልት በላይ ሲሞላ ወይም ከ3.0 በታች ሲወርድ ይጎዳል። 2200 ሚሊአምፔር ሰዓት ያለውን በ2.2 አምፔር ይሙሉ፤ ለቀናት የሚቀመጥ ከሆነ በሴል 3.8 ቮልት ላይ ይተዉት።

ውድቀትን መደበቅ

የተጣመመ የሞተር ዘንግ፣ በሙጫ የተጠገነ አፍንጫ፣ የበረራ መረጃ የያዘ ሪሞት፣ ሁሉም ይናገራሉ። እውነቱን ቢናገሩ ይሻላል፤ አንዳንድ አምራቾች ለተከሰከሰ አውሮፕላን መለዋወጫ በቅናሽ ይሰጣሉ። ከሁሉ በፊት ግን ምንም ሳይለጥፉ ስብርባሪውን እንዳለ ያንሱ፤ መልስ እስኪያገኙም አይጣሉት።

በመንገድ ላይ የተሰበረ ዕቃ የዋስትና ጉዳይ ሳይሆን የአጓጓዡ ነው፤ የሚያመለክቱበት ጊዜም በቀናት የሚቆጠር ነው። ከሌላ ሰው የተገዛ አውሮፕላን ደግሞ በአብዛኛው ዋስትናው የመጀመሪያው ገዢ ብቻ ነውና ቀድመው ይጠይቁ።

ሳይጠይቁ መላክ

የመመለሻ ቁጥር (ዕቃው እንዲመለስ መፈቀዱን የሚያሳይ ቁጥር) ሳይሰጥዎ ምንም አይላኩ። ብዙ ጊዜ የሚፈለገው የተበላሸው ክፍል ብቻ ነው፤ ሙሉውን አውሮፕላን መላክ ክንፉን በመንገድ ለማሰበር ነው። ባትሪውን ያውጡ። ያበጠ ወይም የተጎዳ ሊቲየም ባትሪ በአየር መላክ የተከለከለ ነው፤ ጤነኛው እንኳ የራሱ ምልክትና አስተሻሸግ አለው። ክንፉና ቀፎው የሚላኩ ከሆነ በመጣበት ካርቶን፣ የፎሙ መደገፊያ እንዳለ፣ ፕሮፔለሩ ተፈትቶ፣ የመመለሻ ቁጥሩ ከውስጥም ከውጭም ተጽፎ ይሁን።