በኦፕራሲዮን ጠባሳ ላይ የሚወጣ ሄርኒያ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሆድዎን ኦፕራሲዮን ከተደረጉ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ጠባሳው ላይ እብጠት አዩ? ሲቆሙና ሲያስሉ ብቅ ይላል፣ በጀርባዎ ሲተኙ ይገባል? ሄርኒያ ሊሆን ይችላል። ላይኛው ቆዳ ድኗል፤ ከሥሩ ያለው የሆድ ግድግዳ ግን በደንብ አልገጠመም። በክፍተቱ ስብ ወይም አንጀት ይወጣል።

«በራሱ ይጠፋል» ብሎ መጠበቅ ትልቁ ስህተት ነው። አይጠፋም። ክፍተቱ እየቆየ ይሰፋል፣ ሲሰፋ ደግሞ ጥገናው፣ ማለትም ክፍተቱን የሚዘጋው ኦፕራሲዮን፣ ይከብዳል። ቀበቶም ቢሆን ደገፍ ያደርጋል እንጂ ቀዳዳውን አይዘጋም። ሐኪም ይየው። አስተኝቶ ጭንቅላትዎን ቀና እንዲያደርጉ ይጠይቅዎታል፤ ያኔ የክፍተቱን ጠርዝ በጣቱ ይዳስሰዋል። ሁሉም ሄርኒያ ወዲያው ይጠገን ማለት ግን አይደለም።

ብዙ ሰው «ዕቃ አንስቼ ነው» ብሎ ራሱን ይወቅሳል። ዕቃ ማንሳት ብቻውን አይደለም። ቁስሉ መግል ይዞ ከነበረ አደጋው ከፍ ይላል። ሲጋራ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ ስኳር፣ የማይለቅ ሳልና የሆድ ድርቀትም አሉበት። የስፌቱ አሠራርም ለውጥ ያመጣል።

ለዚህም ነው ሳይዘጋጁ ለጥገና መቸኮል የሚያሳዝነኝ። እያጨሱ፣ ስኳሩ ሳይስተካከል የተሠራ ጥገና ተመልሶ የመከፈት ዕድሉ ሰፊ ነው። አስቸኳይ ካልሆነ ሲጋራውን ከጥገናው ቢያንስ 4 ሳምንት ቀድመው ያቁሙ። ክብደት መቀነስም የጥገናው አካል ነው ብለው ይያዙት።

በጥገናው ጊዜ የሆድ ግድግዳውን ለማጠናከር መረብ ሊገባ ይችላል፤ «ሰው ሠራሽ መረብ ሆዴ ውስጥ አይገባም» የሚሉም አሉ። ስጋቱ ይገባኛል፤ መረቡ አልፎ አልፎ ሊመረዝ ይችላል። ግን በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣ የኔዘርላንድስ ጥናት በ3 ዓመት ውስጥ በክር ብቻ ከተሰፉት 43 በመቶው፣ መረብ ከገባላቸው ደግሞ 24 በመቶው ሄርኒያው እንደተመለሰባቸው አሳይቷል። መረቡ በየትኛው የሆድ ግድግዳ ንብርብር ላይ እንደሚቀመጥ ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ከጥገናው በኋላ አልጋ ላይ መቆየት አይጠቅምም። ቶሎ ተነስተው ይራመዱ። ከባድ ዕቃ ግን ለ6 ሳምንት ያህል ይቅር።

አንድ ነገር ቀጠሮ አይጠብቅም። እብጠቱ ከጠነከረ፣ ካመመ፣ አልገባም ካለ፣ ማስመለስ ከመጣ ወይም በፊንጢጣ አየር መውጣት ካቆመ፣ በግድ ለመግፋት አይሞክሩ። ምግብና ውኃ ሳይቀምሱ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። በክፍተቱ የተያዘው አንጀት ደም ካጣ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል።