ጅማ ላይ አሮጌ ፒካፕ ስትገዙ ብዙ የሚያስከፍሉ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ አሮጌ የቶዮታ ሃይሉክስ ፒካፕ የሚመኝ ሰው ብዙ ነው። ቡና ያለው ቡናውን ይጭንበታል፣ ነጋዴው ከሂርማታ ገበያ ዕቃ ያመላልስበታል። እኔም የመጀመሪያዬን የገዛሁት በትልቅ ጉጉት ነበር። ጉጉት ያለው ሰው ግን ቀለሙን፣ መስታወቱንና ወንበሩን ያያል። የአሮጌ ፒካፕ ጉዳዩ ያለው ከሥር ነው።

ከሥሩ ሳይገቡ መግዛት

ከሁሉም የሚብሰው ይህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ላውራው። ጅማ ላይ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይዘንባል። ጭቃው ሻንሲው (መኪናውን ከሥር የሚሸከመው ረዥም ብረት) ውስጥ ገብቶ እዚያው ይቀመጣል። ሻንሲው ውስጡ ባዶ ስለሆነ ዝገቱ ከውስጥ ጀምሮ ወደ ውጭ ይበላል። የኔ መኪና ሻንሲ ስገዛው አዲስ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ነበር። ንጹሕ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ክረምቱ ሳይወጣ የኋላው ባሌስትራ (ጭነቱን የሚሸከመው የተደራረበ የብረት ስፕሪንግ) በሚታሰርበት በኩል ብረቱ እየተላጠ ይረግፍ ጀመር። ለብየዳና ለማጠናከሪያ ያወጣሁት ገንዘብ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ካርቶን አንጥፉና ከሥር ግቡ። ባትሪና ትንሽ መዶሻ ያዙ። ከኋላ ጎማው በላይ ሻንሲው የሚታጠፍበትን ቦታና የባሌስትራ ማሰሪያዎቹን ቀስ እያላችሁ ምቱ። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ድምፁ ይታፈናል። ትኩስ ቀለም ካያችሁ ደግሞ የበለጠ ጠርጥሩ። አዲስ የብየዳ ምልክት ካለ ለምን እንደተበየደ ጠይቁ።

ጭነቱንም አትርሱ። 60 ኪሎ የሚይዝ የቡና ጆንያ 16 ሲሆን 960 ኪሎ ይሆናል። ለአንድ ፒካፕ ይኸው በቂ ነው። ስንቱ ግን ከዚያ በላይ ሲጭን እንደኖረ በየመንገዱ እናያለን። መኪናው ባዶውን ቆሞ ባሌስትራው ጠፍጣፋ ከሆነ ወይም ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ታሪኩን ነግሯችኋል።

የሞቀ ሞተር ማየት

ሻጩን «ሳታስነሳው ጠብቀኝ» በሉት። ስትደርሱ እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አድርጉ። ሞቆ ከሆነ በሌላ ቀን በጠዋት ተመለሱ። የደከመ ናፍጣ ሞተር የሚታወቀው በቀዝቃዛ ሲነሳ ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቆም ነጭ ጭስ ካለ፣ ውሃውም እየጎደለ ከሆነ፣ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛውን ክፍል) ጠርጥሩ።

ከዚያ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደውን የጅረን ዳገት ውጡበት። የሙቀት ጌጁን ከዓይናችሁ አታርቁ። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች፣ ክፍት ዕቃ ውስጥ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ94 ገደማ ይፈላል። ራዲያተሩ ውስጥ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ አፍኖ የሚይዘው ግፊት ነው። ክዳኑ ከላላ ሞተሩ ዳገት ላይ ይሰቃያል። በርካሽ የሚገዛ ዕቃ ነው፤ ቴስታታ ግን በርካሽ አይሠራም። ክዳኑን የምትከፍቱት ደግሞ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው፤ ፍል ውሃው ፊት ያቃጥላል።

ሊብሬውን ከብረቱ ጋር አለማመሳከር

የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን በዓይናችሁ አንብባችሁ ከሊብሬው ጋር አመሳክሩ። ዕዳና እገዳ እንደሌለበት አጣሩ። «ስሙን በኋላ እናዛውራለን» የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ ቀብድ አትስጡ።

በሻጩ መካኒክ ማስመርመር

መካኒኩን ራሳችሁ ምረጡ፣ ራሳችሁ ክፈሉ።

ጥገናውን ከቀለም መጀመር

ይህን ሳይ በእውነት እበሳጫለሁ። ሰው ያለ የሌለ ገንዘቡን ለግዢ ያወጣል። የተረፈችውን ለቀለምና ለቸርኬ ይሰጥና በተበላ የፍሬን ሸራ ወደ አጋሮ ይነዳል። ከበጀታችሁ ቢያንስ ሩቡን ለጥገና አስቀሩ። መጀመሪያ ፍሬኑን፣ መሪውንና ጎማውን አሠሩ። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፤ ረዥም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ያ እርጥበት ይፈላና ፔዳሉ ይሰምጣል። ወደ ጊቤ ስትወርዱ ይህ እንዲደርስባችሁ አልመኝም። ስለዚህ እንደገዛችሁ ቀይሩት፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ። ጎማው ላይ የመጨረሻዎቹን አራት አኃዞች አንብቡ። 2318 ካለ በፈረንጆች 2018 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ቢኖርም አርጅቷል።

ቀጥሎ ሞተሩ ነው። 2ኤል፣ 3ኤል ወይም 5ኤል የሆኑት የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች የታይሚንግ ቺንጊያ (የፒስተኑንና የቫልቩን እንቅስቃሴ የሚያስማማ ቀበቶ) አላቸው። በ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል። አሮጌ መኪና ላይ የሚታየው ኪሎ ሜትር አያስተማምንም፤ ማን መቼ እንደቀየረውም አታውቁም። ከተበጠሰ ፒስተኑና ቫልቩ ይጋጫሉ፤ ሞተሩም ይወርዳል። እንደገዛችሁ አስቀይሩት። ዘይቱንና ፊልትሮዎቹን አብራችሁ ቀይሩ።

ቀለሙ ግን በጋ እስኪገባ ይቆይ። ኅዳር ላይ ሻንሲው በደንብ ሲደርቅ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ጠርጉት፣ የዝገት መከላከያ ቀቡት፣ ጭቃ የሚጠራቀምባቸውን ቀዳዳዎችም ክፈቱ። የጋቢናና የካሶኒው ተራ ከዚያ በኋላ ነው።