የንግድ ጋሪ በኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2፦ ወርቁ ከማለቁ በፊት

ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 መንግሥት እየገነቡ የሚዋጉበት የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። በቡድን ስትጫወቱ የካርታው ወርቅ ሲሟጠጥ ብዙ ተጫዋች እንጨቱንና ምግቡን ገበያ በሚባለው ሕንፃ ወደ መሸጥ ይሄዳል። ለጥቂት ደቂቃ ያዋጣል። ገበያው ከእያንዳንዱ ሽያጭ 30 በመቶ ይቆርጣል፣ 100 በሸጣችሁ ቁጥር ደግሞ ዋጋው ይወርዳል። ወለሉ ላይ ሲደርስ 100 እንጨት የሚያወጣው 14 ወርቅ ብቻ ነው። ከገበያችሁ ወደ አጋራችሁ ገበያ እየተመላለሰ ወርቅ የሚያመጣው የንግድ ጋሪ ግን መቶኛ ጉዞውም እንደ መጀመሪያው ይከፍላል።

ችግሩ ጋሪውም ራሱ ወርቅ መብላቱ ነው። አንዱ 100 እንጨትና 50 ወርቅ ያስወጣል፣ ተሠርቶ እስኪወጣም 51 ሰከንድ ይፈጃል። 40 ጋሪ ማለት 4000 እንጨትና 2000 ወርቅ ነው። ከአንድ ገበያ ብቻ ካወጣችኋቸው 34 ደቂቃ ይወስዳል፤ ከአራት ገበያ ግን 8 ደቂቃ ተኩል። ገበያ 175 እንጨት ነውና አራቱን ጎን ለጎን መደርደር አይከብድም። የመጨረሻው የወርቅ ክምር ሳይጋመስ ጀምሩ። «ሲያልቅ እነግዳለሁ» ያለ ሰው ጋሪ የሚገዛበት ወርቅ አይተርፈውም።

ገበያችሁን ከአጋራችሁ ገበያ በጣም በራቀው ጥግ ሥሩ። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወርቁ ከእጥፍ በላይ ስለሚጨምር፣ መንገዱ ቢረዝምም በደቂቃ የሚገባው ይበልጣል። ፊውዳል በሚባለው የጨዋታው ሁለተኛ ዘመን ላይ ለመሸጫ ብላችሁ መሃል የሠራችሁት አሮጌ ገበያ ካለ አፍርሱት፤ ጋሪዎቹ ወደ እሱ እየተመለሱ ጉዞውን ያሳጥሩባችኋል። የገበያውን ባንዲራ (አዲስ ጋሪ የሚሄድበትን ምልክት) በቀኝ ክሊክ አጋራችሁ ገበያ ላይ ትከሉ። እያንዳንዱ ጋሪ እንደወጣ ያለ ትእዛዝ መነገድ ይጀምራል።

ካራቫን የሚባለውን ምርምር አትርሱ። 200 ምግብና 200 ወርቅ ነው፣ የጋሪዎቹን ፍጥነት በ50 በመቶ ያሳድጋል። 10 ጋሪ ላላችሁ 5 ጋሪ እንደ መጨመር ነው፣ ያውም የሕዝብ ቁጥር ሳይነካ።

አብዛኛው ኪሳራ የሚመጣው ከመንገዱ ነው። አጋራችሁ ሳያስበው ግንብ ሠርቶ መተላለፊያውን ይዘጋል፣ ወይም በሩን ይቆልፋል። ጋሪው ቆሞ አይጠብቅም፤ ዞሮ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፣ ያም መንገድ አንዳንዴ በጠላት ካስል (ቀስት በሚተኩስ ምሽግ) ሥር ያልፋል። ወርቃችሁ ድንገት መግባት ካቆመ መጀመሪያ ትንሿን ካርታ እዩ፦ የጋሪዎቹ ነጠብጣብ መስመር ወደ ጠላት ከታጠፈ የተዘጋ በር አለ ማለት ነው።

ጋሪ 70 ሂትፖይንት (የሕይወት ነጥብ) ብቻ ነው ያለው፣ መልሶም አይመታም፤ ስድስት ሰባት ሁሳር (ፈጣን ፈረሰኛ) ከገባ መስመሩን በሙሉ ያጭደዋል። የመስመሩን ውጫዊ ጎን በግንብ ዝጉ፣ መሃል ላይ አንድ ካስል ትከሉ፣ ፈረሰኛ የሚመክቱ ጥቂት ጦር ያዥ እግረኞችም አቁሙ። ኢትዮጵያን ይዞ የሚጫወት ሰው እዚህ ላይ ይቀለዋል፤ ጦር ያዦቹን ወደ ፓይክማንና ወደ ሃልበርዲየር ደረጃ የሚያሳድገው ማሻሻያ ለኢትዮጵያ በነፃ ነው።

አጋራችሁ ተስፋ ቆርጦ ጨዋታውን ከለቀቀ ገበያውም አብሮት ይጠፋል፣ ጋሪዎቹም ሥራ ይፈታሉ። ስለዚህ ሁለተኛው አጋራችሁም ከዳር ገበያ እንዲሠራ ቀደም ብላችሁ ንገሩት፤ የመጀመሪያው ሲወጣ ጋሪዎቹን ሁሉ መርጣችሁ አዲሱን ገበያ አንዴ መጫን ይበቃል።