የእንግዳን አስተያየት በኪውአር ኮድ መሰብሰብ፦ በወሎ ላሉ ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች

ለገና በዓል ከአዲስ አበባ ወደ ላሊበላ በመኪና የሚጓዝ ሰው ደሴ ወይም ወልድያ ላይ የሚያድርበትን ቤት ዛሬ ዛሬ የሚመርጠው መናኸሪያ ወርዶ በመጠየቅ ብቻ ሳይሆን፣ ገና መንገድ ላይ ሳለ ጎግል ማፕን ከፍቶ ሌሎች እንግዶች የጻፉትን በማንበብም ጭምር ነው። ለዓመታት ሰውን በክብር ያስተናገዱ ቤቶች በዚያ ካርታ ላይ አንድ ቃል እንኳ ሳይጻፍላቸው ሳይ ከልብ ይቆጨኛል፤ እንግዳው አመስግኖ ወጥቷል፣ ምስጋናው ግን ከበሩ አላለፈም።

ያን ምስጋና በኪውአር ኮድ፣ ማለትም በስልክ ካሜራ ሲነበብ አንድ ገጽ በሚከፍት ጥቁርና ነጭ ምልክት፣ የመሰብሰቡ ሥራ የሚጀምረው ከካርታው ነው። የቤትዎን ስም በጎግል ማፕ ይፈልጉ። የደሴ ስም በላቲን ፊደል በተለያየ መንገድ ስለሚጻፍ፣ ቦታውንም ማንኛውም ሰው ሊያስመዘግብ ስለሚችል፣ አንድ ቤት በሁለት አጻጻፍ ሁለት ቦታ ላይ ሊገኝ ይችላል፤ ያን ጊዜ አስተያየቱም ለሁለት ይከፈላልና ትክክለኛውን ይዘው ሌላው ድግግሞሽ መሆኑን ለጎግል ያሳውቁ። ከዚያ ባለቤትነትዎን ያረጋግጡ። ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ሳይቆራረጥ የተቀረጸ ቪዲዮ ሲሆን፣ መንገዱንና ታፔላውን አሳይቶ ወደ ውስጥ በመግባት ለሠራተኛ ብቻ የተፈቀደ ክፍል ሲከፍቱ ማሳየት አለበት።

ቀጥሎ በጎግል የንግድ መገለጫዎ፣ ማለትም ቤትዎ በካርታው ላይ ባለው ገጽ ውስጥ፣ «አስክ ፎር ሪቪውስ» (አስተያየት ይጠይቁ) የሚለውን ሲጫኑ አስተያየት መጻፊያውን በቀጥታ የሚከፍት ሊንክና ኪውአር ኮድ ያለ ክፍያ ያገኛሉ። በነጻ እንሠራለን ከሚሉ ሌሎች ድረ ገጾች ኮድ ባይወስዱ እመክራለሁ፤ አንዳንዶቹ ኮዱን በራሳቸው ገጽ በኩል ስለሚያሳልፉት የሙከራ ጊዜው ሲያበቃ ይዘጋል፣ ያሳተሙት ካርድም ከንቱ ይቀራል።

ኪውአር ኮድ በ1994 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ለመኪና ፋብሪካ የተሠራና ቢቆሽሽም እንዲነበብ ታስቦ የተዘጋጀ ስለሆነ ጥቂት የወጥ ጠብታ አያሰናክለውም። የሚያሰናክለው ዙሪያውን ያለውን ነጭ ጠርዝ ቆርጦ ማሳተምና የሚያብረቀርቅ ላሚኔት (የፕላስቲክ ሽፋን) ነው፤ በመስኮት በኩል የገባ የቀትር ብርሃን ላሚኔቱ ላይ ሲያርፍ ካሜራው ነጭ ነገር ብቻ ያያል። ለጠረጴዛ ካርድ 3 ሴንቲሜትር ይበቃል፤ ከ2 ሜትር ርቀት እንዲነበብ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ግን ወደ 20 ሴንቲሜትር ቢጠጋ ይሻላል። ከማሳተምዎ በፊት በአሮጌ ስልክም ይሞክሩት።

እኛ ዘንድ ትልቁ እንቅፋት ግን ከኅትመቱ አይደለም። ሰዉ ይህን ጥቁርና ነጭ ምልክት በይበልጥ የሚያውቀው ከቴሌብር ክፍያ ነው። ደሴ ፒያሳ አንድ ምግብ ቤት ምሳ ስበላ አስተናጋጇ ካርዱን ስታቀርብላቸው አንድ አዛውንት ፊታቸው ተለወጠና «ልጄ፣ ሒሳቡን እኮ ከፍያለሁ፤ ይኼ ደግሞ የምን ነው?» አሏት። እርሷም «አብሽሩ አባባ፣ ይኼ ገንዘብ አይወስድም፤ ምግቡ እንዴት እንደነበር መጻፊያ ነው» አለቻቸው። ሁሉም እንግዳ እንደ እርሳቸው አይጠይቅም፤ ብዙው ዝም ብሎ ካርዱን ይገፋዋል። ስለዚህ ከኮዱ በላይ በጉልህ አማርኛ «ይህ የክፍያ ኮድ አይደለም። ስለ መስተንግዷችን የተሰማዎትን በስልክዎ ካሜራ ከፍተው ይጻፉልን» ብለው ያሳትሙ፤ የክፍያው ኮድ ሒሳብ መቀበያው ላይ፣ የአስተያየቱ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ይሁን። ዳታ የጨረሰ እንግዳ ብዙ ነውና የዋይፋይ ስምና የይለፍ ቃል በዚያው ካርድ ላይ ቢሰፍር መልካም ነው።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ የተጠየቀ እንግዳ ተረጋግቶ ይጽፋል፤ ሌሊት አውቶቡስ ሊያመልጠው ቁልፍ የሚመልሰውን ግን አያስቸግሩት፤ እርሱን ማታውኑ ይጠይቁት።

በጎግል ላይ ኮከብ (የአስተያየት ነጥብ) እንዲሰጥ ለእንግዳ ቅናሽ ወይም ስጦታ መስጠት፣ ደስ ያለውን ብቻ መርጦ መጠየቅ፣ ሠራተኛን በገዛ ቤቱ ላይ ማስጻፍ በጎግል ደንብ የተከለከሉ ናቸው፤ ባይከለከሉም እንኳ አስተያየቱን አምኖ የሚመጣውን መንገደኛ ማታለል ነው። ቅሬታ ሲጻፍም ክርክር ውስጥ ሳይገቡ «ሙቅ ውኃ ባለመኖሩ ስለተቸገሩ ይቅርታ እንጠይቃለን፤ ማሞቂያው ተጠግኗል» ብለው የተደረገውን በግልጽ ይመልሱ፤ ይህም በእርግጥ ከተጠገነ በኋላ ይሁን።

በየሳምንቱ ካርዶቹን በጣትዎ ዳሰስ አድርገው ይፈትሹ። አታላዮች በእውነተኛው ኮድ ላይ የራሳቸውን ተለጣፊ ደርበው እንግዳን ወደ ሐሰተኛ ገጽ ሊመሩ ስለሚችሉ፣ የተደረበ ነገር ካገኙ ወዲያው አንሥተው በራስዎ ስልክ የሚከፍተውን ገጽ ያረጋግጡ።