አንገታችሁን እያመማችሁ ፑል ለመጫወት፦ አቋቋምና እጅ መቀየር

ፑል ተጫውታችሁ በገባችሁ ማግስት አንገታችሁ አልዞር የሚላችሁ ከሆነ፣ ጨዋታውን ከመተዋችሁ በፊት አቋቋማችሁን እዩት። እኔ ሁለት ሰዓት ከተጫወትኩ የአንገቴ ግራ ጎን ይገተርብኝ ነበር። ጠዋት ሰው ከግራ ሲጠራኝ ትከሻዬን ጭምር ይዤ ነው የምዞረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጭንቅላት ወደ 5 ኪሎ ይመዝናል። ስንጎነበስ ደረታችን ወደ ጠረጴዛው ይወርዳል፣ ዓይናችን ግን ወደፊት ማየት አለበት፤ ስለዚህ አንገታችን ወደኋላ ይታጠፋል። በዚያ ላይ በቀኝ እጁ የሚመታ ሰው ግራ እጁን ዘርግቶ ሰውነቱን ወደ ቀኝ ስለሚያዞር፣ ፊቱን ወደ ግራ መመለስ ግድ ይሆንበታል። ወደኋላ መታጠፍና ወደ ግራ መዞር ሲደራረቡ፣ በግራ በኩል ያሉት የአንገት መገጣጠሚያዎች ይጨመቃሉ፣ ነርቮች የሚወጡባቸው ቀዳዳዎችም ይጠባሉ። በግራው ለሚመታ ሰው ተቃራኒው ነው።

እና መጀመሪያ የሚያማችሁን አቅጣጫ ለዩ። ቀጥ ብላችሁ ቁሙና ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ እዩ። ከዚያ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ዙሩ። ሳታስገድዱት። ወደ ላይ ማየት ብቻ ከሆነ የሚያማችሁ፣ ችግሩ በጣም ዝቅ ማለታችሁ ነው። አንዱ ጎን ለይቶ ካመማችሁ ግን የእግር አቀማመጥ ወይም እጅ መቀየር ያስፈልጋችኋል።

ከፍ ብሎ መምታት ነውር አይደለም። አገጭን መምቻ እንጨቱ ላይ ማሳረፍ በተለይ የስኑከር (በትልቅ ጠረጴዛ የሚጫወቱት የፑል ዘመድ) ተጫዋቾች ልማድ ነው፤ የእነሱ ጠረጴዛ ግን ከ85 እስከ 88 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፣ የፑሉ ደግሞ ከ74 እስከ 79 ብቻ ነው። ያንኑ አቋቋም ፑል ላይ ስታመጡት ወደ 10 ሴንቲ ተጨማሪ ትወርዳላችሁ ማለት ነው። አገጫችሁን ከእንጨቱ አንድ ስንዝር ወይም ከዚያ በላይ አንሱት። እግራችሁን ሰፋ አድርጉ፣ ሁለቱንም ጉልበት ትንሽ እጠፉ፣ መቀመጫችሁን ወደኋላ ግፉ። የፊተኛውን እጃችሁን ክርን ሙሉ በሙሉ አትዘርጉት፤ ትንሽ ስታጥፉት ደረታችሁ ራሱ ቀና ይላል። ጓደኛችሁ ከጎን በስልክ ይቅረጻችሁ። ማጅራታችሁ ላይ ቆዳው ተጣጥፎ ከታየ አሁንም ዝቅ ብላችኋል።

ለመዞሩ ችግር ደግሞ የኋላ እግራችሁን ትንሽ ወደፊት አምጡና ዳሌያችሁ ወደ ኳሷ ይዙር። ደረት ወደ ዒላማው ባየ ቁጥር አንገት የሚዞረው ያንሳል።

ይህ ካልበቃ እጅ ቀይሩ። አውቃለሁ፣ ሲነገር ይከብዳል። ግን የስኑከሩ ተጫዋች ሮኒ ኦሱሊቫን በ1996 የዓለም ሻምፒዮና ላይ፣ በቀኝ እጁ የሚጫወት ሆኖ ሳለ በግራው እየመታ ተጋጣሚውን እስከማስቆጣት ደርሷል፤ በሁለቱም እጅ መጫወት የሚለመድ ነገር ነው። መጀመሪያ ያለ ኳስ፦ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አስተኙና የእንጨቱን ጫፍ አፉን ሳይነካ አስገብታችሁ አውጡ። አዲሱ እጅ መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፣ ክርን ወደ ውጭ ይሸሻል። አትቸኩሉ። ከዚያ ነጯን ብቻ ምቱ፣ ቀጥ ብላ ሄዳ ወደ እናንተ ትመለስ። ከዚያ ቅርብና ቀጥ ያሉ ኳሶች። በቀን 15 ደቂቃ ይበቃል። ጨዋታውን በመጀመሪያው ምት ስትከፍቱ ግን በለመዳችሁት እጅ ሁኑ፤ ባልለመደ እጅ ጉልበት መጨመር ትከሻን ይጎዳል።

አንድ የሚረሳ ነገር ዓይን ነው። ሩቅ ያለ ነገር በአውራ ጣታችሁ ሸፍኑና ዓይናችሁን ተራ በተራ ጨፍኑ፤ ጣቱ ቦታውን ሳይለቅ የሚታይበት ዓይን የበላዩ ነው። እጅ ስትቀይሩ ዓይን አብሮ አይቀየርም። ስለዚህ እንጨቱ በፊት ይሄድበት በነበረው ዓይን ሥር እንዲያልፍ ጭንቅላታችሁን ትንሽ አንሸራቱ፣ አታዙሩት።

መነጽር የምታደርጉ ከሆነ ደግሞ፣ ጎንበስ ስትሉ በክፈፉ አናት በኩል ነው የምታዩት፤ ክፈፉ አጭር ከሆነ አንገታችሁን የበለጠ ታጥፋላችሁ። ዴኒስ ቴይለር በ1985 ስቲቭ ዴቪስን አሸንፎ የስኑከር የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን ያደረገው ያ ትልቅ መነጽር ለዚሁ ከፍ ተደርጎ የተሠራ ነበር። ሩቅ ማያውን ብቻ የያዘና ረጅም ክፈፍ ያለው መነጽር ይሻላል።

ስታልሙ ቆማችሁ አልሙ። መስመሩን ከወሰናችሁ በኋላ ውረዱ፣ ምቱ፣ ተነሱ። ሐሳባችሁ ከተቀየረ እዚያው ጎንብሳችሁ አታስተካክሉ፣ ቀና ብላችሁ እንደገና ጀምሩ። ለሩቅ ኳስ ከመንጠራራት ረጅሙን መደገፊያ እንጨት አንሱ። ተራችሁን ስትጠብቁም ስልክ ላይ አታቀርቅሩ፤ እኔ ይህን ብቻ በመተዌ ራሱ ብዙ ለውጥ አይቻለሁ።

ሕመሙ ወደ ክንድ ከወረደ፣ ጣት ከደነዘዘ፣ እጅ ዕቃ መያዝ ካቃተው ወይም አረማመዳችሁ ከተዛባ ግን ይህ የአቋቋም ጉዳይ አይደለም። እንጨቱን አስቀምጡና ሐኪም ጋ ሂዱ።