ማንዳባን ሳናይ የተመለስንበት መንገድ እንዴት ተቃና

የአጎቴ ልጅ ለጥምቀት ከአዲስ አበባ መጥቶ ነበር። በማግስቱ በጀልባ የሚደረስበትን የጣናውን ገዳም፣ ማንዳባ መድኃኔዓለምን ላሳየው ሐይቁ ዳር ወዳለችው ጎርጎራ ይዤው ወጣሁ። ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደርሶ መልስ ቀላል መሰለኝ።

መናኸሪያ ሚኒባሱ እስኪሞላ ሁለት ሰዓት ተቀመጥን። ጎርጎራ ስንደርስ ስምንት ሰዓት ሆኗል። ጣና ላይ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል። ባለጀልባው ውሃውን አየት አድርጎ "ወንድሜ፣ ዛሬስ ማዕበሉ አያስኬድም" አለኝ። እውነቱን ነው፤ ማዕበሉ ጀልባውን ከዳር እያላተመው ነበር። የእንግዳዬ ፊት አንጀቴን በላው።

በሦስተኛው ቀን ጉዞውን ገልብጬ ሞከርኩት። ከሰዓት በኋላ ተነሳን። የጎርጎራ ሚኒባስ መጠበቁን ትተን መጀመሪያ ወደ ቆላ ድባ በሚሄደው ገባን፤ ከዚያ በሌላ መኪና በጯሂት በኩል ቀጠልን። ጎርጎራ አደርን። ዋናው መፍትሔ ማደሩ ነው።

ጠዋት 12:30 ሐይቁ ዳር ቆምን። ውሃው እንደ ዘይት ረግቷል። ሌሎች ሦስት እንግዶች ስላገኘን የጀልባውን ኪራይ ለአምስት ተካፈልነው። ማንዳባ ተሳልመን ስንመለስ ገና አራት ሰዓት ነበር። እዚያው ጎርጎራ ያለችውን የደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያንንም ተረጋግተን አየን። የሣር ክዳኗና የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕሎቿ ጥድፊያ አይወዱም። ስንመለስ ግን መናኸሪያ ዳግመኛ መጉላላት አልፈለግኩም፤ ከእነዚያው እንግዶች ጋር መኪና ኮንትራት ይዘን ከጨለማ በፊት ጎንደር መግቢያ አዘዞ ደረስን።