ስፔክትራል ዴንሲቲ ስታሰሉ እነዚህን ስህተቶች እባካችሁ አትድገሙ

ስፔክትራል ዴንሲቲ የሲግናሉ ፓወር በየፍሪኩዌንሲው እንዴት እንደተከፋፈለ የሚያሳይ ኩርባ ነው። ዳታውን ኤፍኤፍቲ (ሲግናልን ወደ ፍሪኩዌንሲዎቹ የሚበትን ስሌት) ውስጥ ከትቶ፣ የሚወጣውን ስኩዌር አድርጎ፣ ፕሎት አድርጎ "ስፔክትራል ዴንሲቲው ይሄው" ማለት በጣም በዝቷል። ኮዱ ኤረር ስለማይሰጥ ልክ ይመስላል፣ ችግሩም እሱ ነው።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ረጅም ሪኮርድ ላይ አንዴ ኤፍኤፍቲ ሠርቶ የወጣውን ማመን ነው። ግራፉ ሲንቀጠቀጥ ጀማሪው "ዳታ አንሶኝ ነው፣ ብዙ ብቀዳ ይስተካከላል" ይላል። አይስተካከልም! ሪኮርዱን 10 እጥፍ ብታረዝሙት የሚበዛው ቢኑ (ግራፉ ላይ ያለው የፍሪኩዌንሲ ነጥብ) ነው እንጂ እያንዳንዱ ቢን ላይ ያለው መዋዠቅ ፈቅ አይልም። ሲግናሉ ኖይዝ ከሆነ የአንድ ቢን ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ከራሱ ከእውነተኛው ዋጋ ጋር እኩል ነው፣ ማለትም 100 ፐርሰንት ስህተት ይዛችሁ ነው ስለ ፒክ የምታወሩት። በዲቢ (ዴሲቤል) ስታዩት ደግሞ ጠፍጣፋ መሆን የነበረበት መስመር ላይ 20 ዲቢ መዝለል ብርቅ አይደለም። አንድ ጎበዝ ልጅ የሞተር ንዝረት ዳታ ይዞ መጥቶ አዳዲስ ፒኮች አገኘሁ ብሎ በደስታ አሳየኝ፣ ሪኮርዱን ለሁለት ቁረጠውና ለየብቻ አስላው አልኩት፣ የሞተሩ ዙር ፒክ ሁለቱም ላይ ቁጭ ብሏል፣ "አዳዲሶቹ" ግን አንዱ ላይ ያሉት ሌላው ላይ የሉም። ኖይዝ ነበሩ በቃ።

መፍትሄው ደግሞ ከ1967 ጀምሮ አለ፣ የዌልች ዘዴ ነው። ሪኮርዱን ወደ ሴግመንቶች መቁረጥ፣ ግማሽ በግማሽ እንዲደራረቡ ማድረግ፣ እያንዳንዱ ላይ ዊንዶው ማድረግ (ጫፎቹን ቀስ አድርጎ ወደ ዜሮ በሚያወርድ ኩርባ ማባዛት)፣ ከዛ የፓወሩን አቨሬጅ መውሰድ። ያልተደራረቡ 100 ሴግመንቶች ስህተቱን ወደ 10 ፐርሰንት ያወርዱታል። ዋጋው ሪዞሉሽን ነው፤ የ1 ሰከንድ ሴግመንት 1 ኸርዝ ገደማ ነው የሚለየው፣ ስለዚህ በ0.3 ኸርዝ የሚራራቁ ሁለት ፒኮችን አያሳያችሁም፣ ዜሮ ፓዲንግ (ሴግመንቱ መጨረሻ ላይ ዜሮዎች መቀጠል) ብትጨምሩም አያሳያችሁም፣ ፓዲንግ ያለውን ኩርባ ያለሰልሳል እንጂ ያልተቀዳ መረጃ አያመጣም። ሳይፓይ (የፓይተን የሳይንስ ላይብረሪ) ላይ ያለውን ዌልች ደግሞ ዝም ብላችሁ አትጥሩት፣ የሴግመንት ርዝመት ካልነገራችሁት 256 ሳምፕል ይወስዳል፣ በ1000 ኸርዝ ለተቀዳ ዳታ ይሄ 3.9 ኸርዝ ነው፣ ከዛ በታች የምትፈልጉት ነገር ካለ ተውጦ ቀረ።

ስኬሊንጉ ላይ ደግሞ እባካችሁ አትገምቱ። የኤፍኤፍቲውን ስኩዌር፣ ሳምፕሊንግ ሬት (በሰከንድ የሚቀዳው የሳምፕል ብዛት) በዊንዶው ስኩዌር ድምር ተባዝቶ ለሚመጣው ቁጥር ማካፈል ነው፣ ፖዘቲቭ ፍሪኩዌንሲውን ብቻ ከያዛችሁ ከዜሮና ከናይክዊስት (የሳምፕሊንግ ሬቱ ግማሽ) በስተቀር ሁሉንም በ2 ማባዛት። ልክ መሆኑን ማወቂያው ቀላል ነው፤ ቫሪያንሱ 1 የሆነ ነጭ ኖይዝ ፍጠሩ፣ ሳምፕሊንግ ሬቱን 1000 ኸርዝ በሉት፣ ፓወሩ ከ0 እስከ 500 ኸርዝ እኩል ስለሚከፋፈል መስመሩ 0.002 ላይ መተኛት አለበት። 0.001 ከወጣ በ2 ማባዛቱን ረስታችኋል፣ ሌላ ቁጥር ከወጣ ወይ ዊንዶው ወይ ሳምፕሊንግ ሬት ተረስቷል። ይሄን ሳያልፍ የራሳችሁን ዳታ አትንኩ።

የሳይን ሞገድን ጉልበት ከፒኩ ቁመት አታንብቡ። አምፕሊቱዱ 1 ቮልት የሆነ ሳይን በሃን ዊንዶው (ከተለመዱት ዊንዶዎች አንዱ) በ1 ሰከንድ ሴግመንት ፒኩ 0.33 ገደማ ይሆናል፣ በ10 ሰከንድ ሴግመንት 3.3፣ ሲግናሉ ግን ያው ነው! ከፒኩ ስር ያለውን ስፋት (ኤሪያ) ደምሩ፣ ሁለቱም ጋ 0.5 ይመጣላችኋል።

ዊንዶው አልፈልግም የሚል ደግሞ አለ። ዊንዶው አለማድረግም ሬክታንጉላር ዊንዶው ማድረግ ነው፣ ትልቁ የጎን ጉብታው ከዋናው ፒክ 13 ዲቢ ብቻ ነው የሚያንሰው፣ የሃን 31 ዲቢ ነው፣ ትልቅ ፒክ አጠገብ ያለ ትንሽ ፒክ የምትፈልጉ ከሆነ ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው።

ሚኑን (አማካዩን) እና ትሬንዱን አስቀድማችሁ አውጡ፣ አለዚያ ታችኛው ፍሪኩዌንሲ ላይ የሌለ ተራራ ይሠራል። ወደ ዲቢ ስትቀይሩ ፓወር ስለሆነ 10 ሎግ ነው፣ 20 አይደለም።

አሊያሲንግ (ከሳምፕሊንግ ሬቱ ግማሽ በላይ ያለ ፍሪኩዌንሲ ዝቅ ያለ መስሎ መታየቱ) ግን ከሁሉም የሚለየው ካለፈ የማይስተካከል መሆኑ ነው። በ1000 ኸርዝ ስትቀዱ 930 ኸርዝ ላይ ያለ ነገር 70 ኸርዝ ሆኖ ይቀመጣል፣ ከዛ በኋላ የትኛውም ፊልተር ከእውነተኛው 70 አይለየውም፣ ፊልተሩ ከመቅዳት በፊት ነው መኖር ያለበት። ዳታ በዛብኝ ብሎ ከየ10 ሳምፕል አንዱን ብቻ የሚያስቀርም ያለ ፊልተር ካደረገው ያንኑ ጥፋት በገዛ እጁ እየሠራ ነው።

ፕሎት ስትልኩ ደግሞ ሳምፕሊንግ ሬቱን፣ የሴግመንቱን ርዝመት፣ ዊንዶውን፣ ስንት ሴግመንት አቨሬጅ እንደተደረገና ዩኒቱን ጻፉበት፣ ቮልት ስኩዌር በኸርዝ ይሁን ሌላ ካልተጻፈ የተሳሳተ ነገር ቢኖርም ማንም ሊያርማችሁ አይችልም።